ጡቡ ሳይሰበር ግድግዳው ለምን ወደቀ?

የጡብ ልክ አመራረጥ፦ ከትምህርት ቤታችን ግንባታ ያገኘነው ትምህርት



በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ስለ ጡብ ነው። «ስለ ጡብ ደግሞ ምን የሚጻፍ አለ? ጭቃ ነው፤ ይታተማል፣ ይደርቃል፣ ይደረደራል፣ በቃ!» የምትሉ ትኖራላችሁ። አንፈርድባችሁም። እኛም ከሁለት ክረምት በፊት የምናስበው እንዲሁ ነበር። መምህራን፣ ወላጆችና ተማሪዎች ሆነን በእጃችን ያቆምነው የመማሪያ ክፍል ግድግዳ በአንድ ሌሊት ዝናብ ተደርምሶ ካገኘነው በኋላ ግን አስተሳሰባችን ተለወጠ። ስለዚህ ያጠፋነውን ሳንደብቅ፣ የተማርነውንም ሳንሰስት ልናካፍላችሁ ወደድን። በዚህ በጋ ክፍል፣ ማድ ቤት ወይም አጥር ለመሥራት ያሰባችሁ ሁሉ ፎርማ ከማሠራታችሁ በፊት ብታነቡት ትጠቀማላችሁ። ፎርማ ስንል ጭቃው የሚታተምበትን፣ ክዳንም ወለልም የሌለውን የጣውላ ሳጥን ማለታችን ነው።

ነገሩ እንዴት ሆነ?

እንደምታውቁት ብዙዎቻችን ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ድንበር ተሻግረን ወደ ገዳሪፍ ግዛት ስንገባ ያገኘነው መጠለያ የሸራ ድንኳን ወይም የሣር ቱኩል ነበር። ሸራውን ፀሐይ ይበላዋል፤ ሣሩን ምስጥ ይጨርሰዋል፤ የክረምቱ መግቢያ ነፋስ ደግሞ ሁለቱንም አይምርም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ እርዳታው ሳሳ፤ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ነገርም ከአቅማችን በላይ ሆነ። የቀረን ምን ነበር? ከእግራችን ሥር ያለው አፈር።

በወላጆች ስብሰባ ላይ ተመካከርንና እያንዳንዱ ቤተሰብ አቅሙ የፈቀደውን ያህል የጭቃ ጡብ አትሞ እንዲያመጣ ተስማማን። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ሕዝቡም አላሳፈረንም። ቀን በማሽላና በሰሊጥ እርሻ ሲደክሙ ውለው ማታ ጭቃ የሚረግጡ አባቶች ነበሩ። ከቧንቧ ሰልፍ ተርፋ ያመጣቻትን ውኃ ለጭቃ የሰጠች እናትም አይተናል። በሁለት ወር ውስጥ የጡቡ ክምር ከሰው ቁመት በላይ ሆነ።

አንድ ነገር ግን ረሳን። የጡቡን ልክ ለማንም አልተናገርንም።

አዲስ አበባ በቀን ሥራ የኖረ አንድ ወንድማችን የሚያውቀውን የአገር ቤት ጡብ አስታውሶ 25 በ12 በ6 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፎርማ አሠራ። ሌላው ብሎኬት ለምዶ ስለነበር 40 በ20 የሆነ ትልቅ አተመ። ሦስተኛው ወገን ያገኘውን የሳጥን ጣውላ ቸንክሮ ልኩን በስንዝር ወሰነ። የማን ስንዝር? የራሱ ነዋ!

መገንባት ስንጀምር ረድፉ አልስተካከል አለ። ትልቁ ከትንሹ ጎን ሲቀመጥ ከላይ ክፍተት ይቀራል፤ ክፍተቱን በጭቃ ሞላነው። ማያያዣው ጭቃ አንዱ ጋ አንድ ጣት፣ ሌላው ጋ አራት ጣት ወፈረ። መገጣጠሚያዎቹም እርስ በርስ መሸፋፈን ሲገባቸው ብዙ ቦታ ላይ ከታች እስከ ላይ በአንድ መሥመር ተከታተሉ። ይህን ሁሉ በዓይናችን እያየን «ልስኑ ይሸፍነዋል» ብለን አለፍነው። በእበትና በጭቃ ስንለስነውም በእርግጥ አማረ። ተመርቆ ልጆች ገቡ።

በሐምሌ ወር አንድ ቅዳሜ ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለ። እሑድ ጠዋት ስንደርስ የምዕራቡ በኩል ግድግዳ ከማዕዘኑ ተሰንጥቆ ወደ ውስጥ ተኝቶ አገኘነው። የተኛው የአንደኛ ክፍል ልጆች በሚቀመጡበት ምንጣፍ ላይ ነው። ሌሊት ስለነበር ማንም አልተጎዳም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን ብለን እንደምንጽፍላችሁ አናውቅም።

ፍርስራሹን ስናነሣ አንዲት እናት አንድ ጡብ ብድግ አድርጋ አገላብጣ አየችው። ብቻዋን 300 ያተመች ናት። «መምህር፣ ይኼ የኔ ነው። አልተሰበረም እኮ! ጡቤ ደኅና ሆኖ ግድግዳው ምን ሆኖ ወደቀ?» አለችን። የምንመልስላት አጣን። መልሱን ለማግኘት አንድ በጋ ሙሉ ፈጀብን፤ ግንበኝነት የሚያውቁ ሽማግሌዎችን ጠየቅን፣ የሱዳን ጎረቤቶቻችንን አሠራር አየን፣ ለክተን ደመርን። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለእሷ ጥያቄ የተገኘ መልስ ነው።

ልኩ ከእጅ ይጀምራል

የጡብ ልክ ሰው እንደፈለገው የወሰነው አይደለም። ግንበኛ በአንድ እጁ ጡቡን፣ በሌላው እጁ የጭቃ ማንሻውን ይይዛል። ስለዚህ የተቃጠለ ጡብ ወርዱ አንድ እጅ ጨብጦ ሊያነሣው የሚችለውን ያህል ነው፤ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ርዝመቱ ደግሞ የወርዱ ሁለት እጥፍና የአንድ መገጣጠሚያ ውፍረት ድምር ነው።

የአገራችንን 25 በ12 በ6 እንውሰድ። 12 እና 12 ሲደመሩ 24፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ለማያያዣው ጨምሩበት፣ 25 ይመጣል። የእንግሊዞቹ ጡብ 21.5 በ10.25 በ6.5 ነው። እሱንም ደምሩት፤ ሕጉ ያው ነው። የሱዳኑ ቀይ ጡብ ብዙውን ጊዜ ከአገር ቤቱ አነስ ይላል። ከአንዱ ማቃጠያ ወደ ሌላው ስለሚለያይ የምትገዙ ከሆነ ሳትለኩ ገንዘብ አትስጡ፤ ሁለት ቦታ ገዝታችሁም አትቀላቅሉ።

ይህ ሕግ ምን ይጠቅማል? ሁለት ጡቦች ጎን ለጎን ሲተኙ፣ በላያቸው አንድ ጡብ በአግድመት ቢጋደም ሁለቱን እኩል ይሸፍናቸዋል። የግድግዳው የውስጥ ፊትና የውጭ ፊት የሚተሳሰሩት በዚህ ነው። ሕጉ ከተዛባ ግን ግድግዳው አንድ ወፍራም ግድግዳ መሆኑ ይቀርና ሁለት ቀጫጭን ግድግዳዎች ጎን ለጎን የቆሙበት ይሆናል። በልስን ሲሸፈን አይታይም፤ ውኃ ሲገባው ይለያያል።

የእናቲቱ ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ነው። የእሷ ጡብ ደኅና ነበር፤ የጎረቤቷም ጡብ ደኅና ነበር። ሁለቱ ግን አንድ ልክ ስላልነበሩ ሊተሳሰሩ አልቻሉም። ግድግዳውን ጡቡ ሳይሆን በመካከል የሞላነው ጭቃ ተሸከመው፤ እሱም ሲረጥብ ለቀቀ። ጥፋቱ የአታሚዎቹ ሳይሆን ልክ ሳንነግር «አምጡ» ያልን የእኛ የመምህራኑ ነው።

ልክ ስትመርጡ ሦስት ነገር ጠይቁ

አንደኛ፦ ማን ነው የሚያነሣው? የደረቀ የጭቃ ጡብ በሜትር ኩብ 1,700 ኪሎ ገደማ ይመዝናል ብለን እንነሣ። 40 በ20 በ10 የሆነው አንዱ ጡብ 13 ኪሎ ተኩል ይሆናል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ሦስተኛ ድረስ ውኃ ተሞልቶ እንደማንሣት ነው። 30 በ14 በ10 የሆነው 7 ኪሎ፣ 25 በ12 በ6 የሆነው ደግሞ 3 ኪሎ ገደማ ነው። ጎልማሳ ሰው 13 ኪሎውን ለአንድ ሰዓት ያነሣ ይሆናል። በካምፓችን ጡብ የሚያቀብሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ እናቶችና ወጣቶች ናቸው፤ ያውም ከአንገት በላይ ከፍ አድርገው። ከእጅ የሚያመልጥ ጡብ ደግሞ ከሥር ያለውን ሰው ይጎዳል።

ሁለተኛ፦ ግድግዳው ምን ያህል ከፍ ይላል? ለጭቃ ግድግዳ ግንበኞች የሚጠነቀቁለት መለኪያ አለ፤ ከፍታው ከውፍረቱ 8 እጥፍ አይበልጥም። 2 ሜትር ከ40 ከፍታ ለሚኖረው ክፍል ውፍረቱ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት ማለት ነው። በ25 ሳንቲ ሜትር ጡብ አንድ ርዝመት የሚወፍር ግድግዳ ብንሠራ ከ2 ሜትር በላይ ልናስኬደው አይገባም። ለዶሮ ቤት ወይም ለአጥር ይበቃል፤ 50 ልጅ ለሚቀመጥበት ክፍል ግን አይሆንም።

በዚሁ በሱዳን በሰሜኑ በኩል፣ ኬርማ በሚባለው ቦታ፣ ደፉፋ የሚባል ከ3,500 ዓመት በላይ የቆየ የጭቃ ጡብ ሕንፃ አለ። እስከ ዛሬ 18 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ጡቡ ያልተቃጠለ ነው፤ ያቆየው እጅግ መወፈሩና የአገሩ ዝናብ ማነሱ ነው። እኛ ጋ ግን በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ አብዛኛው የሚወርደው ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ስለዚህ ውፍረትም ያስፈልገናል፣ ከዝናብ መከለልም ያስፈልገናል።

ሦስተኛ፦ አፈሩ ምን ዓይነት ነው? የገዳሪፍ ሜዳ አፈር አገር ቤት መረሬ ወይም ዋልካ የምንለው ጥቁር አፈር ነው። ለማሽላና ለሰሊጥ በረከት ነው፤ ለግንባታ ግን ክፉ ጠባይ አለው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በበጋ በመሬቱ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ታዩ የለም? ጡብ ውስጥም ያንኑ ይሠራል። ጡቡ በተለቀ መጠን መሰንጠቁ ይብሳል፤ ውጩ ቶሎ ይደርቃል፣ ውስጡ እርጥብ ይቆያል፣ ሁለቱ ሲጓተቱ ይተረተራል።

ቀይ ጡብስ አይሻልም ወይ?

ይህን የጠየቁን ብዙዎች ናቸው። በእርግጥ የተቃጠለ ጡብ ዝናብን ይችላል። ሱዳኖች ጥሬውን ጡብ ከምረው፣ ከሥር እሳት እያነደዱ ያቃጥሉታል፤ ክምሩን ከሚና ይሉታል። ቀይ ጡብ ቀጭን የሆነበት አንዱ ምክንያትም እሱ ነው። ከፍታው 6 ወይም 7 ሳንቲ ሜትር ሲሆን እሳቱ እስከ እምብርቱ ይደርሳል፤ ከዚያ ሲወፍር ውጩ ቀልቶ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ትልቁን የጭቃ ጡብ «እንዲያው እናቃጥለው» ማለት የማይሆነውም ለዚህ ነው።

ችግሩ ማገዶው ነው። አንድ ከሚና የሚበላው እንጨት ብዙ ነው። በዚህ አካባቢ ዛፍ እየሳሳ ነው፤ እንጨት ለቀማ የሚወጡ እናቶቻችን ስንት እንደሚርቁና ከአካባቢው ገበሬ ጋር ምን ዓይነት ጭቅጭቅ ውስጥ እንደሚገቡ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ለጥቂት መቶ ጡብ ብለን ያስጠለለንን ሕዝብ ዛፍ ብናነድ ትርፉ ጠብ ነው። ስለዚህ ጥሬውን ጡብ መርጠን፣ ጥሬ መሆኑን አውቀን መጠንቀቅ ይሻላል ብለን ወሰንን።

እኛ የመረጥነው ልክ

ይህን ሁሉ አመዛዝነን የመረጥነው 30 በ14 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ጡብ ነው። ለምን? የጭቃ ማያያዣ 2 ሳንቲ ሜትር ይወፍራል ስንል፣ 14 ሲደመር 2 ሲደመር 14፣ 30 ይመጣል። የእጥፍ ሕጉ ተጠበቀ። ግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ይወፍራል፤ 2 ሜትር ከ40 ቢቆም ልክ 8 እጥፍ ነው። ክብደቱም 7 ኪሎ ነው።

ስንት ጡብ ይበቃል? ይህን የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ናቸው የሠሩት። ክፍሉ በውጭ በኩል 6 ሜትር በ5 ሜትር ነው፤ ዙሪያው 22 ሜትር። በ2.4 ሲባዛ 52.8 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለአንድ በር 2 ካሬ ሜትር፣ ለሁለት መስኮት 2 ካሬ ሜትር ስንቀንስ 49 ገደማ ይቀራል። አንድ ጡብ ከነማያያዣው 32 በ12 ቦታ ይይዛል፤ በአንድ ካሬ ሜትር 26 ይገባል፤ ግድግዳው ሁለት ወርድ ስለሚወፍር 52 ይሆናል። 49 ጊዜ 52፣ 2,548። ለሚሰበረው ከመቶ 10 ሲጨመርበት 2,800 ጡብ ማለት ነው።

«ትልቁን ብንጠቀም ቁጥሩ አይቀንስም ወይ?» ላላችሁን፣ አዎ ይቀንሳል። 38 በ18 በ10 በሆነ ጡብ ቢሠራ በካሬ ሜትር 42 ይበቃል፤ ጠቅላላው 2,060 ገደማ ነው። ነገር ግን ግድግዳው 38 ሳንቲ ሜትር ስለሚወፍር ወደ 4 ሜትር ኩብ ተጨማሪ ጭቃ ይፈልጋል። ያ ሁሉ ጭቃ በምን ውኃ ይቦካል? በትንሹ፣ በ25 በ12 በ6 ቢሆንስ? በካሬ ሜትር 110 ይፈልጋል፤ ከ5,300 በላይ ጡብ አትመን እንኳ ግድግዳው 25 ብቻ ስለሚወፍር የምንፈልገውን ከፍታ አያስኬደንም። የጡቡን ብዛት ብቻ፣ ወይም ክብደቱን ብቻ አይቶ መወሰን የማይበቃው ለዚህ ነው።

ፎርማው ከጡቡ ይበልጣል

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ስለዚህ 30 ሳንቲ ሜትር ጡብ የሚፈልግ ሰው 30 ሳንቲ ሜትር ፎርማ ማሠራት የለበትም።

መጀመሪያ ሙከራ አድርጉ። እኛ በ30 ሳንቲ ሜትር ፎርማ ጥቁሩን አፈር ብቻውን አትመን ነበር፤ ደርቆ ስንለካው 27 ሆነ፣ ተሰነጣጥቆም ነበር። ከዚያ ከኮረብታው ግርጌ የመጣ ቀላ ያለ አፈር፣ ከኾር የወጣ አሸዋና የተከተፈ ገለባ ቀላቀልንበት። ደጋግመን ሞክረን በመጨረሻ 29 ላይ አቆምነው፤ ስንጥቁም ጠፋ። አሸዋው መኮማተሩን ይቀንሳል፣ ገለባው ይይዘዋል። ጡብና ገለባ አብረው እንደሚሄዱ ከኦሪት ዘጸአት የእስራኤልን ልጆች ታሪክ የምታውቁ ታስታውሱታላችሁ።

ከ30 ወደ 29 የሚኮማተር ከሆነ፣ 30 ለማግኘት ፎርማው 31 መሆን አለበት። ወርዱም 14 ተኩል፣ ከፍታው ከ10 ሳንቲ ሜትር 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ይበል። የእናንተ አፈር ከእኛ ሊለይ ይችላልና የእኛን ቁጥር ሳይሆን የእኛን አሠራር ውሰዱ፤ ሞክሩ፣ ለኩ፣ ከዚያ ፎርማ አሠሩ።

ከሁሉም በላይ ፎርማው ምንም ያህል ቢበዛ ልኩ አንድ ይሁን። እኛ በዚህኛው ጊዜ አንድ አናጢ አምስት ፎርማ በአንድ ቀን፣ በአንድ መለኪያ እንዲሠራ አደረግን። የውስጥ ልኩን ፊት ለፊታችን ለክተን፣ በላዩ ላይ በምስማር ምልክት ጭረን ለየቤተሰቡ በተራ አደልን። በስንዝር የተሠራ ፎርማ አንቀበልም አልን። መጀመሪያ ቅር ያላቸው ነበሩ፤ ያለፈውን ክረምት ስናስታውሳቸው ግን ገባቸው።

ማድረቅና መፈተን

የታተመው ጡብ ወዲያው ሐሩር ፀሐይ አይምታው። የመጀመሪያውን ሁለት ቀን በገለባ ወይም በአሮጌ ሸራ ይሸፈን። በሦስተኛው ቀን በጎኑ ይቁም። ከዚያ ነፋስ እንዲያልፍበት ክፍተት እየተተወ ይደርደር። ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት ሳይነካ ይቆይ። «ደርቋል» የሚለውን በውጩ ብቻ አትመኑ፤ አንዱን ስበሩና እምብርቱን እዩ፤ ቀለሙ ከውጩ ከጠቆረ ገና ነው።

ጥንካሬውን ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ። ሁለት ጡብ አራርቃችሁ መሬት ላይ አኑሩ፤ ሦስተኛውን እንደ ድልድይ በላያቸው አጋድሙት። አንድ ሙሉ ሰው በመካከሉ ቀስ ብሎ ይቁምበት። ከቻለው ለግድግዳ ይሆናል። ከተሰበረ ወይ አልደረቀም፣ ወይ ቅልቅሉ ትክክል አይደለም። ከየቤተሰቡ ክምር ሁለት ሁለት እያወጣችሁ ፈትኑ፤ ሰው እንዳያፍር ሁሉንም እኩል ፈትኑ።

ስትገነቡ የማይዘነጉ ነገሮች

ልክ በትር አዘጋጁ። ቀጥ ያለ እንጨት ላይ በየ12 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉ፤ 10 ለጡቡ፣ 2 ለማያያዣው። እንጨቱን በየማዕዘኑ እያቆማችሁ ረድፉ ከምልክቱ ጋር መገጠሙን እዩ። 20 ረድፍ ሲሞላ 2 ሜትር ከ40 ደርሳችኋል። ሲባጎና ቱንቢ ደግሞ ከእጃችሁ አይለዩ። ቱንቢ ካጣችሁ ድንጋይ በክር ማንጠልጠል ይበቃል።

በአንድ ረድፍ ያለ መገጣጠሚያ ከሥሩ ካለው ረድፍ መገጣጠሚያ ጋር አይግጠም። የላይኛው ጡብ የታችኛውን ቢቻል በግማሽ፣ ቢያንስ በሩብ ይሸፍነው። በማዕዘን ላይ ሁለቱ ግድግዳዎች አብረው ይነሡ፤ አንዱን ጨርሶ ሌላውን መለጠፍ እኛን የጎዳን ነገር ነው። በርና መስኮት ከማዕዘኑ ቢያንስ 1 ሜትር ከ20 ይራቅ። 6 ሜትር በሚረዝመው ግድግዳ መካከል ላይ ከጡቡ ጋር የተሳሰረ ደጋፊ ምሰሶ ይውጣለት።

ስለ ልክ ብዙ ብንልም ልክ ብቻውን ቤት አያቆምም። ጥቁር አፈር ላይ የተቀመጠ ግድግዳ ጡቡ ምንም ቢስተካከል መሬቱ ሲያብጥና ሲኮማተር አብሮ ይናጋል። ስለዚህ መሠረቱ ላይኛውን ልል አፈር አልፎ በድንጋይ ይሞላ፤ ድንጋዩም ከመሬት በላይ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይውጣ፤ ጡቡ የጎርፍ ውኃ አይንካው። የጣሪያው ጠርዝ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ይለፍ። ዙሪያውን የውኃ መሄጃ ይቆፈር። ልስኑ በየዓመቱ ከሰኔ በፊት ይታደስ። ሱዳኖቹ እበትና ጭድ ለቀናት አብላልተው የሚለስኑበትን ዘዴ የምታውቁት ካላችሁ ለሌላው አስተምሩ፤ ከእኛ ልስን የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል።

በመጨረሻም

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የመጀመሪያውን ክፍል ስንሠራ የሮጥነው ለክፋት አልነበረም፤ ልጆቻችን ከፀሐይ ይውጡልን ብለን ነው። ከዚህም ሌላ በሆዳችን «ዛሬ ነገ ወደ አገራችን እንመለሳለን፣ ለጊዜው ነው» የሚል ሐሳብ ነበረ። ይህ ሐሳብ የሁላችሁም እንደሆነ እናውቃለን። ለጊዜው ብሎ የተሠራ ግድግዳ ግን ሲወድቅ ለጊዜው ብሎ አይወድቅም፤ ከሥሩ ያለው ልጅ የእኛው ልጅ ነው። ነገ ብንመለስ እንኳ ክፍሉ ለሚቀሩት ወይም ለአካባቢው ሕፃናት ይጠቅማል። እጃችን የተማረውን ደግሞ ይዘነው እንሄዳለን። የፈረሰ ቤት የሚጠብቀን ብዙዎች ነንና ይህ ትምህርት አገር ቤትም ሳያስፈልገን አይቀርም።

አዲሱ ክፍል ባለፈው በጋ ተሠርቶ ያለፈውን ክረምት አሳልፏል። ከመስኮቱ ሥር አንድ ቀጭን ስንጥቅ ወጥቶበታል፤ ደፍነነዋል፣ በየሳምንቱ እየሄድን እናየዋለን። ከሐምሌው ዝናብ በኋላ ያቺ እናት መጥታ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችና «አሁንስ የቱ የኔ እንደሆነ አልለየውም» ብላ ሳቀች።

ልክ በትሩና አምስቱ ፎርማዎች በመምህራን ክፍል ተቀምጠዋል። መሥራት የምትፈልጉ ሁሉ እየመጣችሁ ልኩን ውሰዱ፤ ፎርማዎቹንም በተራ እናውሳለን። የምንለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስትመልሱ ጭቃውን አጥባችሁ መልሱ፤ የደረቀ ጭቃ ፎርማውን ያጠበዋልና።

መልካም የግንባታ በጋ ይሁንላችሁ!